ባለቤቴ ገረሴ ሳለች የፈተልኩት ክር

ሰው ሥራ ሲያቆም ያርፋል ይባላል። እኔ ሥራ ያቆምኩ ጊዜ እረፍት ያጣችው ባለቤቴ ናት።

በኩልፎ ወንዝ ዳር ለሙዝና ለማንጎ ማሳዎች ውሃ አከፋፋይ ነበርኩ። «የውሃ አባት» ይሉታል። የውሃ አባት ማለት ቦዩን የሚጠብቅ፣ ዛሬ የዚህ ተራ ነው፣ ነገ የዚያ ነው ብሎ የሚያዝ፣ የቦዩን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ነው። ጥቅሙ እምብዛም ነው፤ ጭቅጭቁ ግን ሞልቶ የተረፈ። በበጋ ውሃ ሲያንስ፣ ጎረቤትና ጎረቤት አካፋ ይዘው ሲፋጠጡ፣ መሀል ገብቼ የምቆመው እኔ ነኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ጆሮዬ ውሃ ላይ ነበር። እንጀራ እየበላሁ እንኳ የውሃው ድምፅ ቀነስ ካለ፣ ላይኛው ማሳ ላይ አንድ ሰው በሩን ሰርቆ እንደከፈተ አውቃለሁ። ጉልበቴ ከቦይ ቦይ መሻገሩን እምቢ ሲለኝ ሥራውን ለአንድ ጎልማሳ አስረከብኩና አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ያለው ቤቴ ተቀመጥኩ።

ተቀመጥኩ አልኩ እንጂ አልተቀመጥኩም። ቤቴን ቦይ አደረግኩት።

ባለቤቴ ባልዲ ስትሞላ አጠገቧ ቆሜ «በቃ፣ ሞላ፣ ዝጊው» እላለሁ። ሀለኮ፣ ሌላው አገር ሽፈራው የሚለውን ቅጠል፣ ድስት ውስጥ ስትጨምር «አሁን አይደለም፤ ትንሽ ይቆይ» እላለሁ። በሕይወቴ ሀለኮ ቀቅዬ አላውቅም። ልብስ ስታሰጣ ገመዱ ላይ የትኛው ልብስ መቅደም እንዳለበት እነግራታለሁ። ዶሮዎቹን ሳይቀር ጥሬ ሲበተንላቸው ተራ ላስይዛቸው እሞክር ነበር። ዶሮ ተራ አታውቅም፤ እኔ ደግሞ ተራ ሲጣስ ማየት አልችልም።

«አንተ ሰውዬ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «ይኼ ቤት እንጂ የሙዝ ማሳ አይደለም። እኔም ሙዝ አይደለሁም።»

ባለቤቴ ስትቀልድ በአማርኛ ነው፣ ስትቆጣ በጋሞኛ። ያን ሰሞን እቤታችን ውስጥ አማርኛ የሚባል ነገር እየጠፋ ሄደ።

እኔም ደህና አልነበርኩም። ጠዋት ገና ከመነሳቴ ደረቴ ደብ ደብ ይላል። ማጅራቴን ጨምድዶ ይይዘኛል። ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ የልጅ ልጄ የምትሆን ናት፤ ክንዴን በጨርቁ ጠፍራ ነፋችውና አይታ ቅንድቧን ሰቀለች።

«አባባ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል። ምን ያስጨንቅዎታል?»

«ምንም። ሥራ እንኳ የለኝም።»

«እሱ ነዋ! ኪኒን እሰጥዎታለሁ፤ ግን ኪኒን ብቻውን አይበቃም። ጨው ይቀንሱ፣ በእግርዎ ይንሸራሸሩ፣ ከሰው ጋር ይጫወቱ። በትርፍ ጊዜዎ ደግሞ የሚወዱትን ነገር ይሥሩ።»

«ልጄ፣ ጊዜዬ ሁሉ ትርፍ ሆኗል እኮ።»

ሳቀች። «እንግዲያው ታድለዋል። ምን ይወዳሉ?»

«ውሃ ማከፋፈል።»

«ከእሱ ሌላ።»

ወንበሩ ላይ እንደተቀመጥኩ አሰብኩ። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ምን እንደምወድ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም። «አስቤ እመጣለሁ» ብያት ወጣሁ።

ሳላስብ መስቀል ደረሰ። እኛ ጋሞዎች ዘንድ መስቀል የዓመቱ ራስ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቆጥቦ የኖረ ሰው እንኳ በመስቀል አይቆጥብም፤ ያን ቀን ቅቤ የሰሰተች ቤት ዓመቱን ሙሉ ስሟ ይነሳል። የባለቤቴ እህት ከገረሴ በቅጠል የተጠቀለለ የደጋ ቅቤ ይዛ ወርዳለች፤ ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል። ባለቤቴ ቅቤውን አቅልጣ በምግቡ ላይ ታፈሳለች፣ ታፈሳለች። እኔ ከመደቡ ላይ ሆኜ ሳላስበው እጄ ተነሳ፤ የቦይ በር እንደማስዘጋ።

«በቃ፣ በቃ! በዛ፤ ዝጊው!» አልኩ።

እንግዶቹ ምግቡን ትተው እኔን አዩኝ። በመስቀል ቀን፣ በእህቷ ቅቤ፣ በእንግዶች ፊት። ባለቤቴ ቅቤውን እስከ መጨረሻው አፈሰሰችው።

በሳምንቱ እህቷ ስትመለስ እሷም ልብሷን በፌስታል አድርጋ ተነሳች። በር ላይ ቆማ፣ በጋሞኛ፣ ቀስ ብላ እንዲህ አለችኝ፦ «እህቴ ጋ እወጣለሁ። ዝም ብለህ መቀመጥ ስትችል እመለሳለሁ። ካልቻልክ ገረሴ የገብስ አገር ነው፤ አልራብም።»

ቀልዷን እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አየሁት። ቀልድ አልነበረም።

እንግዲህ ብቻዬን ስቀር የነርሷን ምክር ከምር ያዝኩት። መጀመሪያ በእግር መንሸራሸር ጀመርኩ። ጥሩ ነገር ነው፤ ጠዋት ነፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲመጣ ደስ ይላል። ችግሩ እግሬ ወደ ቦዩ ካልሆነ ሌላ መንገድ አያውቅም። ሄጄ በሩ ያለ ሰዓቱ ተከፍቶ አገኛለሁ፤ ከተተኪዬ ጋር እሟገታለሁ። ያ ጎልማሳ ጨዋ ነው፤ አንድ ቀን ክንዴን ይዞ «አባቴ፣ እኔ አውቄ ነው የከፈትኩት። እባክዎ ይረፉ» አለኝ። ስሄድ ከነበረው የባሰ ደረቴ እየደለቀ ተመለስኩ።

ቀጥሎ ገበጣ። ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በወጣትነቱ ከሰሜን ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ልጅ ወልዶ የቀረ። ከሰዓት በኋላ ደጁ ላይ ገበጣ ያጫውታል። እኔ ተጫውቼ ስሸነፍ አይከፋኝም። ግን ሌሎቹ ሲጫወቱ ከጀርባቸው ቆሜ «የአንተ ተራ አይደለም! ተራ! ተራ!» እያልኩ አላስቀምጥ አልኳቸው።

«ወንድምዓለም» አለኝ ጎረቤቴ መነጽሩን አውልቆ፣ «እዚህ የመጣነው ልንጫወት ነው፤ አንተ ልታስተዳድረን መጣህ።»

ሬዲዮም ሞከርኩ። ዜናው ውስጥ ደግሞ የባሰ በተራ የሚጣላ አለ፤ ዘጋሁት።

በየሁለት ሦስት ቀኑ ባለቤቴ ትደውላለች። ድምፅዋን ስሰማ ደስ ይለኛል፤ ታዲያ ወዲያው «እህትሽ እህሉን አሰጣች? ዝናብ ሳይመጣ አስገቡት እንጂ» እላለሁ። «ገና ነህ» ትልና ትዘጋዋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ዶሮዋ የባለቤቴ የጥጥ ቅርጫት ላይ ወጥታ ልትተኛበት ስታስተካክል አየኋት። ቅርጫቱ ውስጥ አመልማሎ ነበር፤ ፍሬው ወጥቶለት፣ በደጋን ተነድፎ፣ እንደ ጭስ ሳስቶ ለመፈተል የተጠቀለለ ጥጥ። ከላዩ እንዝርቷ አለ፣ ግማሽ ድረስ ክር የተጠቀለለበት። ዶሮዋን አባርሬ ቅርጫቱን ጭኔ ላይ አኖርኩት። እንዝርቱን ያነሳሁት እንዲያው ላስቀምጠው ነበር።

እጄ ሲገባ አሽከረከርኩት። እኔ ግራኝ ነኝ፤ በግራ መዳፌ ጭኔ ላይ ሳሽከረክረው የእሷ ክር ተፍታታና ተበጠሰ። ደነገጥኩ። ልቃቂቱን፣ ያን የፈተለችውን ድብልብል ክር፣ በጥንቃቄ ከእንዝርቱ አውጥቼ አስቀመጥኩ። ጥፋቱ ያን ጊዜ ማብቃት ነበረበት። ግን ባዶ እንዝርት በእጄ፣ ጥጥ በጭኔ ነው። እስቲ አንዴ አልኩ።

ተበጠሰ። እንደገና። ተበጠሰ። ጥጡን ሳጠብቀው ክሩ ይበጠሳል፤ ሳላላው እንደ አባጨጓሬ ያብጣል። አባጨጓሬ ማብዛቴን ሳይ አንድ ነገር ገባኝ፦ ጣት ማለት የቦይ በር ነው። ብዙ ከከፈትከው ይጥለቀለቃል፤ ከዘጋኸው ይደርቃል። ውሃን መጎተት አይቻልም፤ ልክ አድርጎ ከፍቶ መልቀቅ ብቻ ነው። ጣቶቼን እንደዚያ ከፈትኳቸው፤ እጄን ቀስ ብዬ ወደ ላይ አነሳሁ፤ ክሩ መጣ። ከምንም ነገር ውስጥ፣ ከዚያ ከጭስ ውስጥ፣ ክር መጣ! ብቻዬን በረንዳ ላይ «እሰይ!» አልኩ ጮክ ብዬ።

ቀና ስል ፀሐዩ ከበረንዳው ወጥቶ አጥሩ ላይ ደርሷል። የጎረቤት የውሃ ሞተር ሲሠራ ቆይቶ ጠፍቷል፤ እኔ አልሰማሁትም። እኔ! የውሃ ድምፅ ያልሰማሁት! እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። ጸጥ ብሏል።

በማግስቱ እየፈጠንኩ ነው ከአልጋ የተነሳሁት፤ ወደ ቦዩ ሳይሆን ወደ ቅርጫቱ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ አገር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሸማኔ ወንድ የተከበረ ነው፤ እንዝርት የያዘ ወንድ ግን ሰምታችሁም አታውቁ። ልጆች ሳለን አንዱ ወንድ ልጅ እንዝርት ሲነካ ካየች እናቱ «ጣለው! ሚስት አታገኝም!» ትለው ነበር። እኔ ሚስት ካገኘሁ ቆይቻለሁ፤ የምፈራው ያገኘኋትን እንዳላጣ ነው። ይህ ወሬ ገረሴ ቢደርስ ምን ትላለች? አበደ ትላለች። እናም በሬን ዘግቼ ጓዳ ውስጥ እፈትል ጀመር።

ብዙም አልቆየሁ። ጎረቤቴ ገበጣ ሊጠራኝ መጥቶ በሩን ገፋ አደረገው። እኔ መሬት ላይ፣ እግሬ ተዘርግቶ፣ ግራ እጄ ጭኔ ላይ፣ ቀኝ እጄ ሽቅብ ተነስቶ።

«ወንድምዓለም!» አለ፤ ገና ሳይገባ ቆመ። «በቁምህ ምን ነካህ?»

«ዶሮዋ ልትተኛበት ስትል ያዝኩት።»

«ዶሮዋን ነው እንዝርቱን የያዝከው?»

ከዚያ በኋላ መናገር አልቻለም። ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ፤ እንባውን ጠርጎ እንደገና ሳቀ። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

የሰፈራችን ሴቶች ከሰዓት በኋላ ከማንጎ ዛፍ ሥር ተሰብስበው ይፈትላሉ። በማግስቱ ከመካከላቸው አንዷ፣ አጥር የምንጋራት ባልቴት፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ ተጣራች።

«ጋሼ! ጓዳ ውስጥ የሚፈተለው ክር ምን ዓይነት ነው? ወርቅ ነው እንዴ የደበቅከው? ወጥተህ አሳየን እንጂ!»

ከኋላዋ ሳቅ ፈነዳ። ምን ላድርግ? ቅርጫቱን ይዤ ወጣሁ። መሬት ላይ ምንጣፍ አነጠፉልኝ፤ ክሬን ከእጅ ወደ እጅ አስተላለፉት።

«ይኼ ክር ነው ወይስ ገመድ?» አለች አንዷ። «በሬ ልታስርበት ነው?»

«በሬም ይበጥሰዋል፤ እዚህ ጋ ቀጥኗል» አለች ሌላዋ።

ባልቴቷ አንዱን እብጠት በሁለት ጣቷ ይዛ ለሁሉም አሳየች። «እዩት፤ እንቁላል ጥሏል። ዶሮዋ ተኝታበታለች የተባለው እውነት ነው!»

እኔ ራሴ ሳቅ አሸነፈኝ። እንዲያ የሳቅኩት መቼ እንደነበር አላስታውስም። ሲጨርሱ አስተማሩኝ። አመልማሎውን አታንቀው፤ እንደ ጫጩት ያዘው። እንዝርቱን አትከተለው፤ እሱ ይዞራል፤ አንተ እጅህን ተመልከት። ትንፋሽህን አትያዝ። ይህን የመጨረሻውን ነርሷም ብትነግረኝ ጥሩ ነበር፤ ለካ ዕድሜዬን ትንፋሼን ይዤ ነው የኖርኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ከማንጎው ሥር አልጠፋም። ጨዋታው ነው የሚጣፍጠው። ጦጣ ከማን ቤት መስኮት ዳቦ ሰርቃ እንደወጣች፣ የማን ልጅ ላንቴ መንደር ተድራ አማቷ እንዴት እንደምትወዳት፣ የማን ባል ሲያንኮራፋ ጣሪያው እንደሚያፈስ። ድሮ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ አቤቱታ ይዞ ነው፤ እኔም ገና አፉን ሲከፍት ፍርዱን አዘጋጃለሁ። እዚህ ማንም ፍርድ አልጠየቀኝም። አንድ ጊዜ ልምዴ ሆኖ «እሷ ጥፋተኛ ናት» ብል፣ ባልቴቷ «ጋሼ፣ ክርህ» አለችኝ። አየሁት፤ አብጧል። ዝም አልኩ።

ጎረቤቴም ገበጣውን ትቶ አጠገባችን ወንበር አውጥቶ መቀመጥ ጀመረ። ሊስቅብኝ ነው የሚመጣው፤ እንዲያ ነው የሚለው። «እኔ እንኳ እንዝርት አልይዝም፤ የተወለድኩበት አገርም የሴት ሥራ ነው» ይላል። ሴቶቹ ታዲያ ዝም ብለው አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይና መዳመጫ የሚባለውን ቀጭን ብረት ሰጡት፤ ጥጡን ድንጋዩ ላይ አድርጎ በብረቱ ሲያንከባልል ፍሬው ጧ እያለ ይወጣል። «ፍሬ ማውጣት የወንድ የሴት የለውም» አሉት። አንድ ጊዜ ሞከረ። ሁለተኛ ሞከረ። ከዚያ ወዲያ የቀትር ዜና እንኳ እያመለጠው፣ መነጽሩ አፍንጫው ላይ ወርዶ፣ ፍሬ ሲወጣለት እንደ ልጅ «ሂድ!» እያለ ሲደሰት ያያችሁት እንደሆነ የዚያን ሰው የቢሮ ፊት ትረሱታላችሁ።

ጤና ጣቢያም ሄድኩ። ነርሷ ክንዴን ነፍታ አየችና «አባባ፣ ጥሩ ነው! ምን ጀመሩ?» አለችኝ።

«ክር መፍተል።»

ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ ሳቁ። ነርሷ አልሳቀችም። «እኔንም ያስተምሩኛል?» አለች።

እንዲህ ደስ ብሎኝ ሳለ ነው አንድ ቀን እጄን ቅርጫቱ ውስጥ ሳስገባ ታቹን የነካሁት። አመልማሎ የለም። ጨርሼዋለሁ።

ባልቴቷ አየችኝ። «ጋሼ፣ ይኼ ጥጥ የማን ነበር?»

«የባለቤቴ።»

የሁሉም እንዝርት ቆመ።

«ለጋቢዋ ያዘጋጀችው?» አለች ቀስ ብላ። «ያ ከክረምት በፊት ጀምራ ራሷ መርጣ፣ ራሷ ነድፋ ለእኛ እንኳ አላስነካ ያለችው?»

እኔ ያንን አላውቅም ነበር። ጥጥ ጥጥ ነው ብዬ ነው። ልትመለስ የምትችልበትን ነገር ያገኘሁ መስሎኝ፣ የማትመለስበትን ነገር ሠርቼ ተገኘሁ። ያን ቀን ማንም አልቀለደብኝም።

ያን ምሽት ስልኩ ጮኸ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ።»

«ጥጤ ደህና ነው? አይጥ እንዳይነካብኝ።»

«አይጥ አልነካውም።»

«ዶሮዋስ?»

«ዶሮዋም አልነካችውም።»

«ድምፅህ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ?»

«እንጃ። ቀስ ብለህ ነው የምታወራው። ደግሞ ስለ እህቴ እህል አልጠየቅከኝም።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ቆይቼ ነው ያስቀመጥኩት። በማግስቱ ጠዋት፣ እስከዚያ የፈተልኩትን ክር በሙሉ፣ የእሷንም ልቃቂት ጨምሬ፣ ቅርጫቱ ውስጥ አደረግኩ። ለእህቷ ሙዝና ማንጎ ያዝኩ። ባልቴቷ አጥሩ ጋ ጠብቃኝ ነበር። «እንዳትዋሽ» አለችኝ። «እንዳትመክራትም።»

ሚኒባሱ ወደ ደጋው ሲወጣ ሙቀቱ እዚያው ታች ይቀራል። ነጠላዬን ደርቤ፣ ቅርጫቱን ታቅፌ፣ ምን እንደምላት እያሰብኩ ወጣሁ። ያሰብኩትን ሁሉ ጉሙ ወሰደው።

የእህቷ ባል ሸማኔ ነው፤ ስደርስ በረንዳው ላይ መሸመኛው ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰዶ ይሠራ ነበር። ሰላምታው ካለቀ በኋላ ባለቤቴ ባቄላ እየፈለፈለች ከተቀመጠችበት ቅርጫቱን አየችው። የራስን ቅርጫት ማን ይስታል?

«እሱን ለምን አመጣኸው?»

ከፊቷ አስቀመጥኩትና ክዳኑን ከፈትኩ። «አይጥ አልነካውም» አልኩ። «እኔ ነኝ የነካሁት።»

አንዱን ልቃቂት አነሳች። ክሩን ስባ በብርሃኑ አየችው። እብጠቱን በጣቷ ነካች። እህቷ ከኋላዋ መጥታ አጎነበሰች።

«ማን ፈተለው?» አለች እህቷ።

«እኔ።»

«ወንድ?»

«እኔ» አልኩ እንደገና፤ ሌላ ምን ይባላል?

ባለቤቴ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ተነስታ የእህቷን አመልማሎና እንዝርት አምጥታ እጄ ላይ አኖረችው። በጋሞኛ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፦ «ፍተል።»

እሳቱ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጥጡ ጣቴን ያዘው። ጎረቤቶች ሰምተው በበሩ በኩል ሲያዩ፣ ሲንሾካሾኩ ይሰማኛል፤ ቀስ በቀስ እሱም ራቀ። እንዝርቱ ይዞራል፣ እጄ ይነሳል፣ ክሩ ይመጣል። የእህቷ ቤት ጥጥ ትንሽ ሻካራ ነው፤ ጣቴን ከለመድኩት ጠበብ ማድረግ ነበረብኝ።

ድንገት እህቷ «ወተቴ!» ብላ ጮኸች።

ብንን ብዬ ዞርኩ። አጠገቤ፣ ክንዴን ዘርግቼ በምደርስበት ቦታ፣ ድስቱ ገንፍሎ ወተቱ በእሳቱ ላይ ይፈሳል፤ አመዱ ይጮሃል። ባለቤቴ ከማዶ እጇን አጣጥፋ ቆማ የምታየው ወተቱን አይደለም፤ እኔን ነው።

«አየሽ?» አለች ለእህቷ፣ በአማርኛ። «ሲንተከተክ ዝም አለ። ሲነሳ ዝም አለ። ሲገነፍል እንኳ ዝም አለ! ይኼ ሰውዬ!»

«ታዲያ ለባልሽ ፈተና የእኔ ወተት መፍሰስ አለበት?»

ለካ እኔ ስቀመጥ እሳቱን ቆስቁሳ ያነደደችው ባለቤቴ ናት። ሁለቱም እየተያዩ ሳቁ፤ በሩ ላይ ያሉትም ሳቁ። እኔ ግን ጆሮዬ የያዘው አማርኛውን ነው።

የእህቷ ባል ከመሸመኛው ወጥቶ ክሬን በጣቱ አሸት አሸት አደረገ። «ይኼ ወደ ግራ የተጠመዘዘ ነው» አለ። «ከእሷ ክር ጋር አንድ ሸማ ላይ ካገባሁት እንደ እርጅና ፊት ይኮማተራል። ለብቻው መሠራት አለበት። ደግሞ ለጋቢ አይሆንም፤ ወፍራም ቡልኮ ይወጣዋል።»

«ቡልኮውን ሥራለት» አለች ባለቤቴ። «ቆላ ለቆላ ቡልኮ ለብሶ ይዙር። የእኔን ጥጥ ደግሞ ራሱ ለቅሞ፣ ራሱ ፍሬውን አውጥቶ፣ ራሱ ነድፎ ይሰጠኛል። እኔ እፈትለዋለሁ፤ አንድ ቃል ሳይናገር አጠገቤ ይቀመጣል።»

«እሺ» አልኩ። ሌላ ቃል እጨምር እንደሆነ ብላ አየችኝ። አልጨመርኩም።

የገበያው ቀን ሲደርስ ሁለታችን ገበያ ወጣን። እንዝርት ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ ጋ ቆመን ባለቤቴ አንዱን ታነሳለች፣ ታሽከረክራለች፣ ታስቀምጣለች። ሻጯ እኔን አይታ «ለእሷ ይግዙላት፤ ይኼ ቀጥ ያለ ነው» አለችኝ።

«ለእኔ አይደለም፣ ለእሱ ነው» አለች ባለቤቴ፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ። ዙሪያውን የነበረው ገበያተኛ ዞሮ አየን። «እኔ የራሴ አለኝ፤ ከእንግዲህ እንዳይነካብኝ ነው። እሱ እጁ ከባድ ነው፤ ጠንከር ያለውን ስጪው።»

ሻጯ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ግን የመረጠችልኝ ጥሩ እንዝርት ነበር። እስከ መኪናው ድረስ በእጄ ይዤው ሄድኩ፤ ቦርሳ ውስጥ አላስገባሁትም።

ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ነው። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «አርባ ምንጭ! አርባ ምንጭ!» ይላል። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «አባት፣ ስንት ሰው?» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። ባለቤቴ ግን ቀድማኝ ወጥታ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፤ የልብሷን ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ አጠገቧ ያለውን ወንበር በእጇ ትጠርጋለች።

«ሁለት» አለችው።